ቴርማል ካሜራ ለከርሰ ምድር ማዕድን እሳት መከላከያ፦ ከየት እንጀምር? ስንት ዲግሪ ላይ እናቁም?

ጥገና_ክፍል

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምሠራው ከመሬት በታች ባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን፣ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ሰሞኑን ቴርማል ካሜራ እንዲገዛ ተወስኗል። የፍተሻ ዕቅዱን የማውጣቱ ሥራ ደግሞ ለእኔ ተሰጥቷል። ዓላማው አንድ ነው፤ እሳት ከመነሳቱ በፊት የሚግለውን ነገር ማግኘት።

ካሜራው እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ማንኛውም ዕቃ የሚለቀውን የማይታይ ጨረር ተቀብሎ የላይኛውን ገጽ ሙቀት በቀለም ያሳያል። የቸገረኝ ሌላ ነው። ማዕድኑ ሰፊ ነው፣ ካሜራው አንድ ነው። ከኮንቬየሩ (ከሰሉን ከሚያጓጉዘው ቀበቶ) ልጀምር? ከኤሌክትሪክ ፓኔሎቹ? ከማሽኖቹ? ደግሞስ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው «አቁሙ» የሚባለው? አንዱ 60 ይለኛል፣ ሌላው 80 ይለኛል፣ አንዱ ደግሞ 150 የሚል ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። ልምድ ያላችሁ እስቲ አካፍሉኝ።

ሮለር_ጠባቂ

እንኳን ጠየቅክ ወንድሜ። እኔ ብሆን ከኮንቬየሩ ነው የምጀምረው። ለምን መሰለህ?

እስቲ አብረን እናስላ። ቀበቶውን ከሥር የሚደግፉት ተሸካሚዎች በየ1.2 ሜትሩ ቢቀመጡና እያንዳንዳቸው ሦስት ሮለር (ቀበቶው የሚሄድበት ተሽከርካሪ ብረት) ቢይዙ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ቀበቶ ላይ ከላይ በኩል ብቻ 2,500 ሮለር አለ። ሮለሩ ግራና ቀኝ ኩሽኔታ አለው። በኪሎ ሜትር 5,000 ኩሽኔታ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በእጅ እየዳሰሰ የሚጨርስ ሰው የለም። ቢኖርም ከሚሽከረከር ነገር አጠገብ እጁን እንዲያስገባ አንፈቅድለትም። ካሜራው ግን እየተራመድክ ያሳይሃል።

ኩሽኔታ በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ መከላከያው ይደክማል። ብናኝ ይገባል። ግራሶው ይደርቃል። ኳሶቹን የያዘው ቀለበት ይሰበራል። ከዚያ ሮለሩ ይንገጫገጫል፣ በመጨረሻም ይነክሳል። ቀበቶው ግን አይጠብቀውም፤ በቆመው ሮለር ላይ እየተፋተገ ያልፋል።

በካሜራው ስታየው ጤነኛው ሮለር ከጀርባው ካለው ግድግዳ ብዙም አይለይም። የታመመው ጫፉ ላይ፣ ልክ ዘንጉ የሚገባበት ቦታ፣ ትንሽ ብሩህ ቀለበት ይሠራል። መጀመሪያ የምትፈልገው ይህንን ቀለበት ነው። ሙሉ ሮለሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከበራ ኩሽኔታው ብቻ አይደለም፤ ቀበቶው ራሱ እየፈተገው ነው። ያን ጊዜ ለነገ የሚባል ነገር የለም።

ዲግሪውን በተመለከተ አንድ ቁጥር ይዘህ አትዙር። ጎረቤቱን እይ። በአንድ ተሸካሚ ላይ ያሉት ሦስቱ ሮለሮች ጭነታቸው የሚታወቅ ነው፣ የሚያገኛቸውም ንፋስ አንድ ነው። ግራና ቀኞቹን አነጻጽር፤ ከፊትና ከኋላ ካሉት መሰሎቻቸው ጋር አስተያይ። አንዱ ብቻውን በ20 ዲግሪ ከበለጠ እኔ መለወጫ ዝርዝር ውስጥ አስገባዋለሁ። አጠቃላይ ሙቀቱ ዝቅተኛ ቢሆንም ማለቴ ነው።

ሌላም አለ፤ ይህንን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ቀበቶው ሲሄድ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሲቆም ግን የጋለው ሮለር ላስቲኩን አንድ ቦታ ላይ ነክቶ ይቆያል። ከሥሩ የተከመረ ብናኝ ካለ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ፍተሻውን ሁለት ጊዜ አድርገው። አንዱን ቀበቶው ሙሉ ጭነት ይዞ ሲሠራ፣ ሌላውን ከቆመ በኋላ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ በወጣበት ሰዓት ነው ፍሙ ሥራውን የሚሠራው።

የአራኮማውን የከሰል ማዕድን አደጋ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2006፣ አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ። ቀበቶው ከመስመሩ ወጥቶ በፈጠረው ፍትጊያ የተከማቸው ተቀጣጣይ ነገር እሳት ያዘ። ጭሱ ማምለጫ መንገዱ ውስጥ ገባ፣ ምክንያቱም ሊያግደው የሚገባ ግድግዳ አልነበረም። ሁለት ሠራተኞች መውጫው ጠፍቷቸው ሞቱ። እዚያ የሞቀው ሮለር አልነበረም፤ ቀበቶው የሚጠራቀምበትና የሚወጠርበት ክፍል ነው። ስለዚህ ካሜራህን ሮለር ላይ ብቻ አትትከል። ራስጌውን፣ ግርጌውንና መወጠሪያውን አዘውትረህ እይ።

አየር_መንገድ

ሮለር_ጠባቂ ያለውን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ የአየር ዝውውር ክፍል ነኝና አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር።

ካሜራ የሚያየው ገጽ ብቻ ነው። ግድግዳ አልፎ አያይም፣ የከሰል ክምር ውስጥም አይገባም። የድንጋይ ከሰል በራሱ ጊዜ ይግላል። ኦክስጅን ሲያገኝ ቀስ እያለ ይቃጠላል፤ የሚፈጠረው ሙቀት ካልወጣ ቃጠሎው ይፈጥናል፤ የፈጠነው ቃጠሎ ደግሞ ሌላ ሙቀት ይጨምራል። ከሰል ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም። ስለዚህ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ፍም ሆኖ ላዩ እጅ የማያቃጥል ሊሆን ይችላል። የተቆፈረውና የተተወው ክፍልማ ጭራሽ ካሜራ የሚደርስበት አይደለም።

ለዚህ ዓይነቱ እሳት ቀድሞ የሚናገረው ጋዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ (ከቃጠሎ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ) ከተለመደው መጠኑ ቀስ እያለ ሲጨምር ነው የሚታወቀው። እኛ ዘንድ የግራሃም ንጽጽር የምንለው አለ፤ የወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጠፋው ኦክስጅን ጋር በመቶኛ ማነጻጸር ነው። በተለምዶ 0.4 አካባቢና ከዚያ በታች ደህና ነው ይባላል። 1 ሲደርስ የሚግል ነገር አለ። 3 ካለፈ እሳት አለ ብለህ ተንቀሳቀስ። ግን እያንዳንዱ ማዕድን የራሱ ልማድ ስላለው ከቁጥሩ በላይ አካሄዱን ተከታተል።

ይህን የምለው ካሜራውን ለማንኳሰስ አይደለም። ለምሰሶዎች፣ ለስንጥቆችና ለመዝጊያ ግድግዳዎች በጣም ይጠቅመኛል። ስንጥቅ ውስጥ የሚተነፍስ ሙቅ አየር የድንጋዩን ጠርዝ ያሞቀዋል፤ ያ በካሜራ ይታያል። ጋዙ «በዚህ ክፍል ችግር አለ» ሲል፣ ካሜራው «እዚች ጋ ነው» ይላል። ሁለቱን አታለያዩአቸው።

የብረት ማዕድን ላይ የምትሠሩትም እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1972 በአይዳሆ የሰንሻይን የብር ማዕድን 91 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ የገመቱት መነሻ በተተወ ክፍል ውስጥ የነበረ አሮጌ እንጨትና ቆሻሻ በራሱ ግሎ መቀጣጠሉን ነው። የገደላቸው ነበልባሉ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይዱ ነው።

ጥገና_ክፍል

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ሮለር_ጠባቂ፣ የቆመውን ቀበቶ መፈተሽ ዕቅዴ ውስጥ አልነበረም፤ አሁን አስገብቼዋለሁ። እህቴ አየር_መንገድ፣ የጋዙን ሰንጠረዥ ከእናንተ ክፍል እንድናገኝ እጠይቃለሁ።

የ150ው ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ወረቀቱን ያሳየኝ ልጅ «ሕጉ 150 ነው፤ 140 ላይ ማንቂያ እናድርግ» ነው የሚለው።

ናስትሮ

ልጄ፣ እሱን ሐሳብ ቶሎ ተወው።

150 ዲግሪ ማለት የከሰል ብናኝ በሚያርፍበት ቦታ ለሚሠራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተቀመጠ የገጽ ሙቀት ጣሪያ ነው። ብናኝ ሊያርፍበት በማይችል ገጽ ላይ 450 ይፈቀዳል። ይህ ለመሣሪያው አምራች የተሰጠ የዲዛይን ወሰን ነው፤ መሣሪያው ሲበላሽ ጭምር ከዚያ እንዳያልፍ። ለጥገና ማንቂያ አይደለም። 40 ዲግሪ ላይ መሥራት የነበረበት ኩሽኔታ 140 እስኪደርስ ከጠበቅክ ካሜራውን ለምን ገዛኸው? ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

እኔ ኤሌክትሪክ ነኝ፣ ስለ ፓኔሎቹ ልንገርህ። እኛ ዘንድም ንጽጽር ነው የሚሠራው። ሦስት ፌዝ (የኮረንቲ መስመር) አለህ፤ ጭነታቸው ተመሳሳይ ከሆነ ሙቀታቸውም ተመሳሳይ መሆን አለበት። ኔታ የሚባለው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ፍተሻ ማኅበር ያወጣው መመሪያ አለ። በተመሳሳይ ዕቃዎች መካከል ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ልዩነት ካለ ይጣራ ይላል። ከ4 እስከ 15 ከሆነ ብልሽት ሳይኖር አይቀርም። ከ15 በላይ ከሆነ ወዲያውኑ ይጠገን።

ይህ ሁሉ ግን ጭነት ሲኖር ነው። ቢያንስ 40 በመቶ ጭነት ላይ ካልሆነ አትፈትሽ። የላላ ብሎን የሚፈጥረው ሙቀት ከኮረንቲው ጋር በእኩል አይሄድም፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። በ40 በመቶ ጭነት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ሙሉ ጭነት ላይ ከሚፈጠረው 16 በመቶው ብቻ ነው። ያን ጊዜ 5 ዲግሪ ልዩነት ያየህበት መገጣጠሚያ ሙሉ ጭነት ሲመጣ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት ማሽኑ ሁሉ ቆሞ ፓኔል ከፍቶ «ሁሉም ሰማያዊ ነው» ብሎ መፈረም ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ነገር የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። ጎማ፣ ከሰል፣ ቀለም የተቀባ ብረት ጨረራቸውን በደንብ ይለቃሉ፤ ኤሚሲቪቲያቸው (ጨረር የመልቀቅ አቅማቸው) 0.9 አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። የተወለወለ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ግን ከ0.1 በታች ሊወርድ ይችላል። ካሜራው ያኔ የብረቱን ሙቀት ሳይሆን ከፊቱ የቆመውን ሰው ነጸብራቅ ነው የሚያነበው። እኛ መስመሩ ተቆርጦ፣ ተቆልፎና ተፈትሾ ሳለ መገጣጠሚያው አጠገብ ጥቁር ናስትሮ እንለጥፋለን። በኋላ ጭነት ሲገባ የምናነበው ናስትሮውን ነው።

ሮለር_ጠባቂ፣ ይህ አንተንም ይመለከታል። የሮለሩ መሃል ቀበቶው ስለሚወለውለው ያብረቀርቃል። ስለዚህ መሃሉ ቀዝቃዛ መስሎ ቢታይህ ሁልጊዜ አትመነው። የጫፉ ክዳን ቀለሙ ስላለ እሱ ነው እውነቱን የሚናገረው።

በመጨረሻም ፓኔል በጭነት ላይ መክፈት ራሱ አደጋ ነው። የአርክ ፍንዳታ (በአየር ውስጥ የሚዘል ኃይለኛ የኮረንቲ ብልጭታ) ሰው ይገድላል። ሚቴን የተባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ባለበት ደግሞ የፍንዳታ መከላከያ ሽፋንን ኮረንቲ እያለ መክፈት ፈጽሞ የማይታሰብ ነው። ካሜራው በተራ ብርጭቆና በፕላስቲክ መከለያ አያይም። ለዚያ የተሠራና ለቦታው ፈቃድ ያለው የኢንፍራሬድ መስኮት አስገጥሙ። ካልሆነም የሽፋኑን የውጭ ሙቀት ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሩ፤ ከውስጥ የሚያመልጠው ጥቂት ቢሆንም ልዩነቱ ይናገራል።

ሮለር_ጠባቂ

ጋሼ ናስትሮ ትክክል ነዎት። እኔም ጫፉን የማየው ለዚህ ነው። የመሃሉን ነገር ግን እንዲህ አብራርቼ አልጻፍኩትም ነበር።

አዲስ_ፈረቃ

እየተከታተልኩ ነው፤ በጣም ጠቃሚ ክር ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ። ስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ ቴርማል ካሜራ አለ። ርካሽ ነው። ለእያንዳንዱ ፈረቃ መሪ አንዳንድ ቢሰጥ ከአንድ ውድ ካሜራ አይሻልም?

አየር_መንገድ

ሚቴን ባለበት ማዕድን አይሆንም። ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲቀላቀል ይፈነዳል፤ ለዚያ አንድ ብልጭታ በቂ ነው። ተራ ስልክም ሆነ ተራ ካሜራ ለዚያ ቦታ አልተፈተነም። እሳት ለመከላከል የገባው መሣሪያ ራሱ ፍንዳታ ሊያስነሳ ነው። ለከርሰ ምድር ጋዛማ ቦታ የተመሰከረለት፣ ብልጭታ የማይፈጥር ዓይነት ብቻ ይገባል። ዋጋው የሚወደደው አንዱም በዚህ ነው።

ሮለር_ጠባቂ

ጋዝ በሌለበት ማዕድንም ቢሆን ነጥቦቹን ቁጠር፣ አዲስ_ፈረቃ። ካሜራው 160 በ120 ነጥብ ቢኖረውና እይታው 57 ዲግሪ ቢሆን፣ ከ5 ሜትር ርቀት ላይ አንዱ ነጥብ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ለታማኝ ንባብ ቢያንስ ሦስት በሦስት ነጥብ ያስፈልጋል። 10 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ጫፍ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። የጋለው ነገር ከጀርባው ካለው ቀዝቃዛ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ይነበባል፤ 90 የሆነው 50 መስሎ ይታይሃል። ወይ ቅረብ፣ ወይ ጠባብ እይታ ያለው ሌንስ ያዝ። ደግሞ ሌንሱን ጥረገው! ብናኝ የጠገበ ሌንስ ሁሉንም ነገር አቀዝቅዞ ነው የሚያሳይህ።

ቱርቦ

እኔ የወርቅ ማዕድን ላይ፣ ጫኚዎችና ገልባጮች ጥገና ነኝ። እኛ ዘንድ ኮንቬየሩ አጭር ነው፤ እሳታችን በዋናነት ጎማ ያለው ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ቱርቦውና ማኒፎልዱ (የሞተሩ ትኩስ ጭስ የሚያልፍባቸው ክፍሎች) ብዙ መቶ ዲግሪ ይግላሉ። ከጎናቸው በከፍተኛ ግፊት ዘይት የሚሸከም የሃይድሮሊክ ቱቦ ያልፋል። ቱቦው ቀዳዳ ሲያወጣ ዘይቱ አይንጠባጠብም፤ እንደ ጉም ይረጫል። ያ ጉም የጋለ ብረት ካገኘ አበቃ።

ካሜራው እዚህ የሚረዳህ ቱርቦው መጋሉን ለማወቅ አይደለም። መጋሉማ የታወቀ ነው። የሚረዳህ ሽፋኑ የተቀደደበትን ለማግኘት ነው። ማሽኑ ጭነት ይዞ ዳገት ወጥቶ እንደመጣ አቁመውና ሞተሩን ተመልከት። የሙቀት መከላከያ ጨርቁ ደህና ከሆነ ሙሉው ወጥ ቀለም ነው። አንድ ቦታ ነጭ ሆኖ ከወጣ እዚያ ጋ ጨርቁ ተበልቷል፣ ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ከማርሚታው መገጣጠሚያ የሚያፈተልክ ጋዝም እንደዚሁ አጠገቡ ያለውን ብረት ወይም ቱቦ ሲያሞቅ ይታያል። እኛ እንዲህ ያለውን ቦታ ካየን የሙቀቱን መጠን ሳይሆን በአቅራቢያው ምን እንዳለ ነው የምናየው። ቱቦ ወይም ኬብል ካለ ማሽኑ አይወርድም።

ጎማዎቹንም አነጻጽር። አራቱ የጎማ እምብርቶች እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ግን ተጠንቀቁ፤ በጣም የጋለ ጎማ ውስጡ እየተቃጠለ ሊፈነዳ ይችላል። በካሜራ ያየነው ከሩቅ ነው። ወደ ጎኑ ማንም አይጠጋም። አካባቢው ይለቀቃል፣ ቀዝቅዞ ነው የሚነካው።

ብርሃን_ገመድ

ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ መዞር ለምን ያስፈልጋል? በኮንቬየሩ ርዝመት የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ዘርጉ። መሣሪያው በገመዱ ውስጥ ሌዘር ልኮ የሚመለሰውን ብርሃን በማንበብ በየሜትሩ ሙቀቱን ይነግራችኋል፣ ሌት ተቀን። ገመዱ ራሱ ኮረንቲ አይሸከምም። ሰው የሚዞረው በፈረቃ አንዴ ነው፤ ገመዱ አይተኛም።

ሮለር_ጠባቂ

ገመዱን እወደዋለሁ፤ ያላቸው ማዕድኖች እድለኞች ናቸው። ግን ገመዱ የሚለካው ራሱ ያለበትን ቦታ ሙቀት ነው። ኩሽኔታው ከገመዱ አንድ ሜትር ቢርቅና መሃል ላይ ንፋስ ቢያልፍ፣ ትንሽ የጋለ ነገር ሳይሰማው ሊቀር ይችላል። እሳት ሲሆን ይሰማዋል። እኛ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የምንፈልገው። በእኔ አስተያየት ገመዱ ለጥበቃ ነው፣ ካሜራው ለምርመራ። መወጠሪያውና ራስጌው ላይ ደግሞ ቋሚ ካሜራ ቢተከል ገንዘቡ አይባክንም።

ብርሃን_ገመድ

ገመዱን ከተሸካሚዎቹ ብረት ጋር አጥብቃችሁ ካሰራችሁት ልዩነቱ ይጠባል። ግን ነጥብህ ገብቶኛል። ራስጌው ላይ ቋሚ ካሜራ የሚለውን እስማማለሁ።

ነፍስ_አድን

በዚህ ክር ያልተነሳ አንድ ጉዳይ አለ። የሚያቆመው ማን ነው?

እኔ የአደጋ ጊዜ ቡድን ውስጥ ነኝ። እኛም ቴርማል ካሜራ አለን። ዓይን በማያይበት ጭስ ውስጥ ሰውንም የእሳቱን መነሻም ያሳየናል። ግን እኛ ስንጠራ ጊዜው አልፏል። በ1984 (እ.ኤ.አ.) ታኅሣሥ 19 በዩታ ዊልበርግ ማዕድን 27 ሰው ሞተ። መነሻው የተበላሸ የአየር ኮምፕሬሰር ነበር፤ እሳት መከላከያ በሌለው ቦታ ያለ ጠባቂ ሲሠራ የተተወ። አንድ ኮምፕሬሰር! ማንም ሰው በካሜራ አንዴ ቢያየው ሊለየው ይችል ነበር፤ ግን የሚጠብቀው አልነበረም። ስለዚህ ጥገና_ክፍል፣ ዝርዝርህ ውስጥ ኮንቬየሩንና ፓኔሉን ብቻ አትጻፍ። ጥግ ላይ ብቻቸውን የሚሠሩትን ኮምፕሬሰሮች፣ ፓምፖች፣ ትራንስፎርመሮችና የባትሪ መሙያ ቦታዎች ጨምር።

ከሁሉ በላይ ግን ካሜራ ይዞ የሚዞረው ሰው ቀበቶውን የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ ይኑረው። በብዙ ቦታ ያየሁት ይህ ነው፦ ልጁ ፎቶውን ያነሳል፣ ሪፖርቱን ይልካል፣ ሪፖርቱ ኢሜይል ውስጥ ይቀመጣል፣ ምርት ይቀጥላል። የጋለውን ሮለር ፎቶ ማንሳት ሮለሩን አያቀዘቅዘውም። ልጁ ደውሎ «አቁሙ» ሲል ማንም «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሊያስጨንቀው አይገባም። ይህን ሥልጣን ካልሰጡህ ዕቅዱን አትፈርም ወንድሜ።

ናስትሮ

እጄን አውጥቼ እደግፋለሁ።

ጥገና_ክፍል

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን የያዝኩትን ልንገራችሁና የጎደለውን ሙሉልኝ።

ከኮንቬየሩ ራስጌ፣ ግርጌና መወጠሪያ እጀምራለሁ፤ በየፈረቃው። ሮለሮቹን በክፍል ተከፋፍለን ሙሉውን መስመር በየሳምንቱ እንጨርሳለን፤ በሥራ ላይም፣ ከቆመም በኋላ። ፓኔሎቹ ጭነት ላይ ብቻ ይፈተሻሉ፤ መስኮት የሌላቸው ከውጭ ይታያሉ። ብቻቸውን የሚሠሩት ኮምፕሬሰሮችና ፓምፖች የራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ማንቂያው በንጽጽር ነው፤ 150 የሚለው ወረቀት ወጥቷል። የማስቆም ሥልጣኑን ዛሬ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ፤ መልሱ እስኪመጣ አልፈርምም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ያው ሮለር ባለፈው ሳምንት ስንት እንደነበር ለማነጻጸር ፎቶውን እንዴት እናስቀምጠው?

ሮለር_ጠባቂ

ከአንድ ቦታ አንሳው። ወለሉ ላይ በቀለም ምልክት አድርግ፤ ሁሉም ሰው እዚያ ቆሞ ያንሳ። ርቀትና አንግል ከተለዋወጠ የምታነጻጽረው ሮለሩን ሳይሆን የቆምክበትን ቦታ ነው። ተሸካሚዎቹን ቁጥር ስጣቸው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ቀበቶው ተጭኖ ነበር ወይስ ባዶ፣ ይሄድ ነበር ወይስ ቆሞ የሚለውን ጻፍ። ሮለር ሲለወጥ ቀኑ ይመዝገብ፤ አዲስ ሮለር መጀመሪያ ላይ ግራሶው እስኪላላ ትንሽ ሊሞቅ ስለሚችል አያስደንግጣችሁ።

አየር_መንገድ

የአየሩን ሙቀትና የንፋሱን ፍጥነትም ጨምርበት። የአየር መስመር በቀየርንበት ቀን ሁሉም ሮለር ቀዝቅዞ ወይም ሞቆ ሊታይህ ይችላል፤ ለውጡን እኛ እናሳውቃችኋለን። ደግሞ የካሜራውን ሰዓት ከቁጥጥር ክፍሉ ሰዓት ጋር አስተካክለው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ የጨመረበትን ደቂቃና ፎቶው የተነሳበትን ደቂቃ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የምንችለው ያኔ ነው።